ብርቱካን ማራገፊያውን ለማየት አቃቂ የሄድን ጊዜ

ቅናቴ የጀመረው አውቶቡሱ ገና ከአዳማ መናኸሪያ ሳይወጣ ነው። ረዳቱ ወንበር ሲያከፋፍል ሉባባን «እህት፣ አንቺ መስኮቱ ጋ ግቢ» አላት። ወደ እኔ ዞረና «እናት፣ እርስዎ እዚህ» ብሎ መተላለፊያው ላይ አስቀመጠኝ። እሷ እህት፣ እኔ እናት! በመካከላችን ያለው ዕድሜ እኮ ይህን ያህል አይደለም።

ይህን የምጽፈው ለቡድናችን ሴቶች ነው። ከተመለስኩ ወዲህ በየዛፉ ሥር ታስቆሙኛላችሁ። አንዷ ስለ ማሽኑ ትጠይቀኛለች፣ ሌላዋ ስለ ፎቅ ቤቱ፣ ሦስተኛዋ ስለ እህቴ። ምላሴ ስለ ደከመ ሁሉንም ከመጀመሪያው ልጻፈውና አንብባችሁ ተገላገሉኝ። የማያውቀን ሰው ካገኘው ደግሞ ይህን ይወቅ፤ እኛ አዋሽ ዳር ባለ የማኅበር እርሻ ብርቱካን የምንለቅም ሴቶች ነን። እኔ አስናቀች፣ የለቃሚዎቹ ካቦ ነኝ፤ ማን የትኛውን የዛፍ መስመር እንደሚይዝ የምመድበው፣ ፍሬው ሳይቦጨቅ በመቀስ መቆረጡን የማየው እኔ ነኝ። ሉባባ ከወሎ መጥታ ሥራ ስትጀምር መቀስ ያስያዝኳትም እኔ ነኝ።

የማኅበራችን ሰብሳቢ ጠርቶን፣ «አቃቂ አንድ ወርክሾፕ ብርቱካን የሚያራግፍ ማሽን ሠርቷል አሉ። ሁለታችሁ ሄዳችሁ እዩት። አንዳችሁ እዚያው ቆይታ አያያዙን ትማራለች፣ ሌላዋ ተመልሳ ትነግረናለች። ማን እንደምትቀር ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ» አለን። እንዲህ ይበል እንጂ የምቀረው እኔ እንደሆንኩ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ሻንጣዬን የሞላሁት ለሚከርም ሰው ነው፤ ሹራብ፣ ጋቢ፣ የቅያሪ ጫማ ሳይቀር። ሉባባ የያዘችው አንድ ፌስታል ነበር።

ማክሰኞ

ከሰፈራችን እስከ አስፋልቱ በባጃጅ፣ ከዚያ እስከ አዳማ በሚኒባስ፣ ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ። ይህን መንገድ ላላያችሁት፣ ግራ ቀኙ በአጥር የታጠረ ነው። ፍየል አይሻገርበትም፣ አህያ አይቆምበትም። እኛ ጋ መኪና ከብት እስኪያልፍ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቅ የለ? እዚህ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሉባባ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ «እትዬ አስናቁ፣ ፋብሪካውን እዪው! ፎቁን እዪው!» ትለኛለች። እኔ የማየው የጆሮዋን ጉትቻ ነው።

ቃሊቲ መናኸሪያ ስንወርድ ጉድ ሆንን። ለስጦታ ብለን አንድ ማዳበሪያ ብርቱካን ይዘን ነበር። ረዳቱ ከላይ ሲያወርደው አመለጠውና ማዳበሪያው ከሥሩ ተተረተረ። ብርቱካኑ በአውቶቡሶቹ ጎማ ሥር፣ በሰው እግር መሀል ተንከባለለ። በቃ ተዘረፍን ብዬ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ። ወዛደሩ በኮፍያው፣ አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ፣ ሹፌሩ በኮቱ እየሰበሰበ ያመጣ ጀመር። እኛ ጋ መሬት የወደቀ ብርቱካን እግር ይገፋዋል እንጂ እጅ አያነሳውም። እነዚህ ግን አንድ በአንድ እንደ እንቁላል እየጠረጉ ያቀብላሉ። የሚያቀብሉት ግን ለማን መሰላችሁ? ለሉባባ! «እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ» እያለች ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እንደየእምነቱ ታመሰግናለች። ሰዉም ይስቅላታል። ብርቱካኑን የለቀምኩት እኔ፣ ማዳበሪያውን ከቤት ያመጣሁት እኔ፣ ምስጋና የምትለዋወጠው እሷ።

አንድ የጉራጌ ባለሱቅ ሱቁን ጥሎ ወጥቶ አዲስ ማዳበሪያ ሰጠን። «ለእንግዳ ነው» ብሎ ዋጋ አልጠራም። ብርቱካን ብንሰጠው አሽትቶ፣ «ይሄ እኛ ጋ ሲደርስ ሽታው አልቆ ነው የሚደርሰው» አለን። ይህን ሲል ብቻ ነው እኔን ያየኝ።

ያረፍነው ኮዬ ፈጬ እህቴ ጥሩነሽ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየሙን ማየት የምትፈልጉ ሰዎች፣ ብዙ ብዙ ሕንፃ አንድ ዓይነት ሆኖ ተደርድሯል፤ እህቴ ራሷ መጀመሪያ ሰሞን የሰው በር ታንኳኳ ነበር አለች። እሷ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ቤቷ ጥሩ ነው፤ ጥሩ በመሆኑም ትንሽ ከፋኝ። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ወጥ ቤቷ ለብቻው ነው። ውሃው ግን የሚወጣው በሰው ጀርባ ነው፤ ቧንቧው ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል። እኛ ቦይ ዳር ቁጭ ብለን እግራችንን ስንነክር ውሃን እንደ ውሃ አንቆጥረውም።

ሉባባ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀሪካኖቹን አንስታ ወረደች። ሁለት ጊዜ ሞልታ አመጣች። እኔ ደረጃው አንዴ አድክሞኝ ተቀምጫለሁ። ጥሩነሽ ሳቀችና፣ «ይህችስ እህቴ ብትሆን ኖሮ!» አለች። ቀልድ ነው፤ አውቃለሁ ቀልድ እንደሆነ። ጥሩነሽ ደግሞ ሉባባ ክርስቲያን ያረደውን እንደማትበላ አስባ ሥጋውን ትታ ሽሮና ምስር ሠርታ ነበር። ሁለቱ ተጎራርሰው በሉ። አንድ እናት የወለደችን እኔና ጥሩነሽ ነን፤ እኔን ያጎረሰችኝ ግን ከእሷ በኋላ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት የአውቶቡሱን ሰልፍ ብታዩ! ሰው ገና ሳይነጋጋ ተሰልፎ እርስ በርሱ በትንፋሹ ይሞቃል። ብርዱ አጥንት ይገባል። እኛ በዚህ ሰዓት ሙቀቱ ሳይመጣ ብለን መስመሩን አጋምሰናል። እዚያ ገና ወደ ሥራ ለመድረስ ይጋፋሉ።

ወርክሾፑ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ነው። ባለቤቱን ጋሽ ከማል ይሏቸዋል፤ የስልጤ ሰው፣ ጢማቸው የሸበተ፣ እጃቸው በብየዳ የተጠባበሰ። ዋና ሥራቸው የግቢ በርና የውሃ ታንከር ማቆሚያ ነው። ግቢያቸው ብረት ለብረት ነው፤ መቁረጫው ሲጮህ የራሴን ድምፅ አልሰማውም። ሰላም ሲሉን ግን ሁሉንም አስቆሙትና፣ «ብርቱካን የሚያውቁ ሰዎች መጡልኝ» ብለው ወንበር በሸራ ጠርገው ሰጡን።

ማሽኑ ይኸውላችሁ። በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ ሞተር አለው፤ ሞተሩ ከውጭ የመጣ ነው፣ የቀረውን እሳቸው ሠርተውታል። በማንገቻ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ከሞተሩ ረጅም ዘንግ ይወጣል፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጎማ የለበሰ መንጠቆ አለ። መንጠቆውን ቅርንጫፉ ላይ አግብታችሁ ነዳጅ ስትሰጡት ዘንጉ ወደፊት ወደኋላ ይመታና ቅርንጫፉን ያንቀጠቅጠዋል። ከሥር ባለጎማ ሸራ ይዘረጋል፤ እንደ ተገለበጠ ጃንጥላ ነው፤ ፍሬው እየተንከባለለ መሀሉ ላይ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ጋሽ ከማል ሐሳቡ ከየት እንደመጣላቸው በስልካቸው አሳዩን። ባሕር ማዶ ነው። ትራክተር የሚመስል ነገር ይመጣና የብርቱካኑን ግንድ በብረት ክንዱ ያቅፋል፣ ሸራውን ይዘረጋል፣ ዛፉን ይንጠዋል። ብርቱካኑ እንደ በረዶ ይወርዳል። ያን ጊዜ ክንዱ ይለቅና ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሄዳል። የሚነዳው ሰውዬ ተቀምጦ ነው። ላቡ እንኳ አይታይም! መሰላል ስሸከም የኖርኩበት ዘመን ታሰበኝና ያንን የማላውቀውን ሰውዬ ጠላሁት።

ጋሽ ከማል ማሽናቸውን የሚሞክሩት ጎረቤታቸው እማማ ብርቄ ግቢ ውስጥ ነው። የእማማ ብርቄ ባል በሕይወት ሳሉ የተከሉት አንድ ትልቅ ብርቱካን አለ። አቃቂ ብርድ ስለሆነ ፍሬው ይኮመጥጣል፤ የእኛን ቀምሶ ያንን የሚበላ ሰው ፊቱን ሳያጨማድድ አይውጥም። እኔ ግን ይህን አልተናገርኩም።

«ማን ይጀምር?» አሉ ጋሽ ከማል።

«እኔ» አልኩ። ካቦ አይደለሁም?

ሉባባ «እትዬ፣ መጀመሪያ እንዴት እንደሚያዝ ጋሽ ከማል ይንገሩን እንጂ» ስትለኝ፣ «ዛፍ አዲስ ነው እንዴ?» ብዬ ማንገቻውን አጠለቅኩ። ሞተሩ ሲነሳ ጥርሴ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። መንጠቆውን ብዙ ፍሬ ወዳለበት ወደ ጫፉ አስገባሁና ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ያዝኩት። ቅርንጫፉ ቀጭ አለ። ክንድ የሚያክል ቅርንጫፍ ከነፍሬው ተገንጥሎ ጆሮዬ ሥር ወደቀ።

ሞተሩን አጠፋሁ። እማማ ብርቄ ከበረንዳቸው ቀስ ብለው መጡ። ባላቸው የተከሉት ዛፍ ነው፤ ቢረግሙኝ እችለው ነበር። የወደቀውን አይተው ክንዴን ያዙና፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ደርቆ ነበር እኮ» አሉኝ። ቅርንጫፉ ግን አልደረቀም። የተሰበረበት ቦታ እርጥብ ነበር፣ አረንጓዴው ያበራል። እሳቸውም ያዩታል፣ እኔም አየዋለሁ።

ቀጥሎ ሉባባ ያዘችው። ጋሽ ከማልን ጠየቀቻቸው። «ከግንዱ ጠጋ፣ ወፈር ያለው ላይ፤ ትንሽ ነካ አድርጎ መተው፣ እንደገና ነካ» አሏት። እንዳሏት አደረገች። ነካ፣ ተወት። ነካ፣ ተወት። ብርቱካኑ ዱብ ዱብ እያለ ሸራው ላይ ወረደ። እማማ ብርቄ አጨበጨቡ። የወርክሾፑ ሠራተኞች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው «እቺ ጠንቋይ ናት!» አሉ። እኔ በመሰላል ወጥቼ ስንት ጊዜ ወርጄ የማደርገውን እሷ መሬት ቆማ፣ እየሳቀች አደረገችው።

ሸራው ላይ ጎንበስ ብዬ ፍሬውን አገላበጥኩ። አንገቱ ላይ ልጡ የተቦጨቀ አገኘሁ፤ ሌላም አገኘሁ። ያልበሰለ ጥሬውም አብሮ ወርዷል። ደስ ያለኝን ደስታ አትጠይቁኝ። ተሸክሜ ለጋሽ ከማል አሳየሁ። «ይህን ገበያ ብወስደው አንድ ሳምንት ሳይቆይ ይበሰብሳል» አልኩ።

ይከራከሩኛል ብዬ ነበር። «እውነትሽን ነው እህቴ» አሉ። «ይሄ ማሽን ጭማቂ ቤት ለሚሄደው ነው። ለገበያ የሚወጣውን እጅ ይልቀመው። ይህን ለማኅበራችሁ ሳትደብቂ ንገሪልኝ፣ በኋላ እንዳታዝኑብኝ።» ደስታዬ እጄ ላይ ቀረ።

ምሳ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ አተካና ሠርተው አመጡ። ቡላ ነው፣ በቅቤ የታሸ፣ እያብለጨለጨ። ረቡዕ መሆኑን ያስታወስኩት እጄን ከታጠብኩ በኋላ ነው። «ፆም ነኝ» ስላቸው ሴትዮዋ ደንግጠው «ውይ በሞትኩት፣ እኔ እንዴት ሳልጠይቅሽ!» ብለው ወጡና ከጎረቤት ክርስቲያን ቤት ሳይቀር ጠይቀው ጎመንና ምስር ይዘው ተመለሱ። እስክበላ ድረስም አጠገቤ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው አላየሁም። ቢሆንም ጎመኔን እየበላሁ ዓይኔ የሉባባ ሳህን ላይ ነበር። ጣቷን ላሰችው።

ሐሙስ

የምትቀረው የምትለይበት ቀን ይህ ነበር። በሰልፉም በአውቶቡሱም ውስጥ የምናገረውን ሳዘጋጅ ሄድኩ። የሉባባ ባል የሲኖትራክ ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ ቤቱን ባዶ ቢያገኘውስ? እሷ ብርድ አታውቅም። ካቦ እያለ ለቃሚ ብትሠለጥን ነገ ሴቶቹ ማንን ይሰማሉ? ሁሉም ምክንያት እውነት ይመስላል። እኔን ራሴንም አሳመኑኝ።

ጋሽ ከማል ሻይ አስመጡልን። «በሉ፣ የምትቀረውን ንገሩኝና ሥራ እንጀምር። አስናቀች፣ አለቃዋ አንቺ ነሽ። ማን ትቅር?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት ሉባባ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ጋሽ ከማል፣ እትዬ አስናቁ ትቅር» አለች። «ትናንት የተሰበረባት ቀድማ ስለያዘችው ነው። እኔ የእሷን ስህተት አይቼ ነው ያልተሳሳትኩት። ቀድሜ ብይዘው እኔም እሰብረው ነበር። ዛፍ የሚያውቅ ሰው እሷ ናት፤ እኔን ያስተማረችኝም እሷ ናት።»

ጋሽ ከማል ራሳቸውን ነቀነቁ። የተናገረችው እውነት ነበር፤ ያዘጋጀሁት ሁሉ ደግሞ ገና አፌ ውስጥ ነበር። ምን እንደተሰማኝ በትክክል ልንገራችሁ። መስኮቱን ቀንቼባት ነበር፣ እህቴን ቀንቼባት ነበር፣ አተካናውን ሳይቀር። አሁን ደግነቷን ቀናሁባት። እኔ ልወስድባት የመጣሁትን ነገር እሷ እንዲሁ አንስታ ሰጠችኝ። ያ ከሁሉም በላይ አንገበገበኝ።

«እሷ ትቅር» አልኩ። ድምፄ እንደ ቁጣ ወጣ።

«እትዬ...»

«ዝም በይ! ትከሻዬ አይችለውም። ማንገቻው ቆርጦኛል። እሷ ትቅር ጋሽ ከማል።»

በኋላ ላይ ከመካከላችሁ «አስናቁ እንዴት ያለች ልበ ሰፊ ናት» ያላችሁ አላችሁ። እንዳትሳሳቱ። ልበ ሰፊ ብሆን እየሳቅኩ እሰጣት ነበር። እኔ የሰጠኋት ከእሷ እጅ መቀበል ስላቃተኝ ነው።

ከሰዓት ቤት ስንመለስ ሉባባ በቀጭን ሻርፕ ተጠቅልላ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ሻንጣዬን ከፍቼ ሹራቡንና ጋቢውን ሰጠኋት። ስሰጣትም ፈገግ አላልኩም። «እጥበቱ በእጅ ነው፣ በሳሙና እንዳትነክሪው» አልኳት ብቻ። ሹራቡ ከእኔ ይልቅ እሷ ላይ አማረ።

ጥሩነሽ ማንገቻው ቆርጦኛል ያልኩትን ትከሻዬን በሙቅ ውሃ አሸችልኝ። ሉባባ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር።

«ለምን ተውሽላት?» አለችኝ።

«ትከሻዬን አሞኝ።»

«ትከሻሽ ምንም አልሆነም» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ ግንባሬን ሳመችኝ። «እዚህ ትቆያለሽ ብዬ የማስተኛሽን አልጋ አንጥፌ ነበር። እኔም ከፍቶኛል።» ሳልጠይቃት የነገረችኝ ይህ ቃል የዚህ መንገድ ትልቁ ስንቄ ነው።

ዓርብ

ሉባባ ቃሊቲ ድረስ ሸኘችኝ። ጥሩነሽ ሥራ ስለነበረባት ጠዋት ተሰናበተችኝ። ወይዘሮ ዘይነባ ለመንገድ የጋገሩትን ድፎ በጨርቅ ጠቅልለው ልከውልኛል፤ ዓርብ ፆም መሆኑን አስበው ወተትም ቅቤም አላስነኩትም። መንገድ ላይ ዝናብ ጣለ፤ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሮ ነቅቼ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «እኔም ያንቺ ላይ ተኝቼ ነበር» አሉኝ። ድፎውን ቆርሼ አብረን በላን። አዳማ ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ቤቴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

በስብሰባው ላይ የተናገርኩትን ሰምታችኋል። ከቦዩ በታች ላለው፣ ጭማቂ ቤት ለሚሄደው ብርቱካን ማሽኑ ይሠራል አልኩ። ለገበያ የሚሄደው በእጅ ይለቀም አልኩ። ማሽኑ ሲመጣ ሁላችንንም በየቀኑ እንደማይፈልግ አልደበቅኩም።  ሰብሳቢው ማንንም ሳናባርር በተራ እንሠራለን ብሏል፤ እስካሁን እንደቃሉ ነው።

ሉባባ የመጣች ዕለት አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ። ማሽኑ በአይሱዙ ተጭኖ፣ እሷ ጋቢና ተቀምጣ መጣች። እናንተ እልል እያላችሁ ሮጣችሁ። እኔ ከመስመሩ ራስ አልተንቀሳቀስኩም። ሸራውን ዘረጋን፣ ሰብሳቢው መጣ፣ ከሌላ ማኅበር የመጡ እንግዶችም ቆመው ያያሉ። ሉባባ ማንገቻውን አጠለቀች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ መንጠቆውን ከግንዱ ጠጋ አድርጋ አገባች። እጇ ነዳጅ መስጫው ላይ ነበር። ሁሉም እሷን ሲያይ እሷ ዞራ እኔን ፈለገች።

«እትዬ አስናቁ!» ብላ በሞተሩ ጩኸት ላይ ጮኸች። «ልጀምር?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ትንሽ አስጠበቅኳት። ወደ ዛፉ ሄጄ ግንዱን ዞርኩት፣ ሸራውን በእግሬ አስተካከልኩ፣ መንጠቆው ያለበትን ቅርንጫፍ ቀና ብዬ አየሁ። ከዚያ ወደ ቦታዬ ተመለስኩና «ጀምሪ» አልኩ።